«ዝቋላ፣ 77»፦ የፊልም ፎቶግራፍ የአነሣሥ መዝገብ በመስክ ጥናት

በአንድ ቤተ መዛግብት መደርደሪያ ላይ የፊልም ነጋቲቭ የያዘ ፖስታ ተገኘ እንበል። በፖስታው ጀርባ በእርሳስ የተጻፈው «ዝቋላ፣ 77» ብቻ ነው። ነጋቲቩ ወደ ብርሃን ሲያዝ በደረቀ መሬት ላይ የቆሙ ሰዎች፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴትና ከበስተኋላ አንድ ከፍታ ይታያሉ። ይህን ምስል ለጥናቱ ሊጠቀምበት የፈለገ ተመራማሪ ከምን ይነሣል? ዝቋላ ቢያንስ ሁለት ነው። አንዱ ከቢሾፍቱ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው፣ በአናቱ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ተራራ ነው። ሌላው በዋግ ኽምራ ጽጽቃን ማእከሉ ያደረገው፣ ወደ ተከዜ የሚወርደው ወረዳ ነው። 77ም ሁለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ 1977 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ሰባ ሰባት» ብሎ የሚጠራው የረሃብ ዘመን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ግን 1969 ወይም 1970 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የቀይ ሽብርና የሶማሊያ ጦርነት ዘመን ነው። እንግዲህ ሁለት ቃላት አራት ታሪኮችን ሊናገሩ ይችላሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሐሰት ናቸው።

ፖስታው የምናብ ነው፤ ችግሩ ግን አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፦ በመስክ ጥናት በፊልም የተነሣ ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር የሚገባው እያንዳንዱ ምስል በተነሣበት ጊዜ ከተያዘ መዝገብ ጋር ሲቀርብ ብቻ ነው። መዝገቡን ለመያዝ ዛሬ በእጃችን ያለው ምቹ መሣሪያ የስልክ መተግበሪያ ነው። ይሁን እንጂ መተግበሪያዎቹ የተሠሩት በሌላ አገር ላለ፣ በሌላ የዘመን አቆጣጠር ለሚኖርና ፎቶግራፍን ለደስታው ለሚያነሣ ሰው ነው። እንዳሉ ብንቀበላቸው የፖስታውን ስሕተት ይበልጥ ባማረ መልክ እንደግመዋለን።

የአነሣሥ መዝገብ ስል ለአንድ ጥቅል ፊልምና በውስጡ ላሉት ምስሎች በየተራ የሚያዘውን ዝርዝር ማለቴ ነው። የፊልሙ ዓይነትና የብርሃን ስሜቱ፣ ካሜራውና ሌንሱ፣ ለየምስሉ የሌንሱ ክፍተትና የመዝጊያው ፍጥነት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሚታየው ነገር ወይም ሰው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የጥንቶቹ ፎቶ አንሺዎች ይህን በትንሽ ደብተር ይይዙት ነበር። ለአንድሮይድ ስልኮች በነፃ የሚገኘው «ኤግዚፍ ኖትስ»ን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ደብተሩን ወደ ስልክ አምጥተውታል። ተጠቃሚው የሚጠበቅበት ካሜራውን በጫነ ቁጥር ስልኩንም አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቦታውን መለያ ስልኩ ራሱ ይሞላል።

«በዚህ ዘመን ፊልም ለምን?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ መልሴ አጭር ነው። ነጋቲቭ በእጅ የሚያዝ፣ ኮምፒውተር ባይኖርም በመስኮት ብርሃን የሚነበብ ዋና ቅጂ ነው። በአግባቡ የታጠበና በደረቅ፣ በቀዝቃዛ ስፍራ የተቀመጠ ጥቁርና ነጭ ፊልም የአንድን ሰው ዕድሜ ይሻገራል። በዋግ ኽምራ በጦርነቱ ዓመታት መብራትና ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊልም ይሻላል እያልሁ አይደለም፤ ውድ ነው፣ ጥቅሉም የሚይዘው 36 ምስል ብቻ ነው። የምለው፣ አንድ ጊዜ በፊልም ለመሥራት የወሰነ ተማሪ ፊልም ምን እንደማይዝለት ማወቅ አለበት ነው።

ፊልም ብርሃንን እንጂ ሰዓትን አይዝም። ዲጂታል ካሜራ በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ኤግዚፍ የሚባለውን ገላጭ መረጃ ራሱ ይጽፋል፤ የፊልም ካሜራ አይጽፍም። (ቀን የሚያትሙ የፊልም ካሜራዎች ነበሩ፤ ያተሙት ግን ባለቤቱ የሞላላቸውን ቀን ነው፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አያስተካክለውም ነበር።) በእኛ ሁኔታ ችግሩን የሚያብሰው በማንሣትና በማየት መካከል ያለው ርቀት ነው። ፊልም የሚያጥቡ ፎቶ ቤቶች ከከተሞቻችን እየጠፉ በመሆናቸው፣ በጽጽቃ የተነሣ ፊልም ሰቆጣን አልፎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ በቂ ጥቅል እስኪጠራቀምና እስኪታጠብ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በወራት ውስጥ የትኛው ሽማግሌ በየትኛው ቀበሌ እንደቆመ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያም ነጋቲቩ ስካን ሲደረግ አንድ ተንኮለኛ ነገር ይከሰታል፦ አዲሱ ፋይል ስካን የተደረገበትን ቀን ይይዛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ኮምፒውተሩ የሚነግረውን ቀን ፎቶው የተነሣበት ቀን አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ከላይ የጠቀስሁት ዓይነት መተግበሪያ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የያዘውን ዝርዝር ኤግዚፍቱል በሚባለው መሣሪያ አማካይነት ስካን ወደተደረገው ፋይል ውስጥ ማስገባት ያስችላል።

ፊልምን ከመዝገብ ጋር አጣምሮ መያዝ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ፣ ማለትም በምኅጻሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. የምንለው፣ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩም መጽሐፉ ከተገኘበት ገዳም ወይም ደብር ጋር በካታሎግ ተያያዘ። ጌታቸው ኃይሌና ዊሊያም ማኮምበር ያዘጋጁት ካታሎግ ባይኖር ኖሮ፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የተቀመጠው ቅጂ በየቦታው የተበተነ የብራና ምስል ክምችት ብቻ በሆነ ነበር። ዛሬ አንድ የፊሎሎጂ ተማሪ የኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ቁጥር ጠቅሶ ሲጽፍ የሚጠቅሰው ምስሉን ከመዝገቡ ጋር ነው፤ ሁለቱን ነጣጥሎ ማሰብም አይመጣለትም። በመስክ ፎቶግራፍ ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ይጠፋል። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ «ምስል 4፦ ፎቶ በአጥኚው» ከሚለው በቀር ሌላ ነገር የማይል መግለጫ ስንት ጊዜ አይተናል? ብራናውን ለመጥቀስ ቅጠሉንና ዓምዱን እንቆጥራለን፤ ሰውን ለመጥቀስ ግን «በአጥኚው» በቂ ሆኖ ይታየናል።

ከመተግበሪያው ጥቅሞች መካከል በቴክኒኩ በኩል ያለውን ብዙም አላብራራም፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከሰቆጣ አቅራቢያ እንደሚገኘው እንደ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ባሉ ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ብርሃኑ እጅግ አነስተኛ ነው። የብርሃን መለኪያው 10 ሴኮንድ ቢል፣ ፊልም ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሲቀበል ስሜቱ ስለሚደክም ትክክለኛው ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። ለምሳሌ ለኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም በአምራቹ ስሌት ወደ 20 ሴኮንድ ይጠጋል። መለኪያው ያለውንና በእርግጥ የተሰጠውን ጊዜ ጎን ለጎን የመዘገበ ተማሪ በሚቀጥለው ጉዞው በግምት አይሠራም፤ ሌላው ተማሪም ከእርሱ ይማራል። የቦታ መለያውም እንዲሁ ጠቃሚ ነው። ብዙዎች የስልክ መስመር በሌለበት ቦታ ጂፒኤስ አይሠራም ብለው ያምናሉ፤ ይሠራል። መረጃውን የሚቀበለው ከሳተላይት ነውና። መስመር በሌለበት ቦታውን እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃ ይወስድበታል፤ በተከዜ ገደላገደል ውስጥ ደግሞ ሰማዩ ጠባብ ስለሆነ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። ወደ ሰፊ ሜዳ እስኪወጣ መታገሥ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልለፍ። የመጀመሪያው ጉድለት ስልኩና ካሜራው የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው። መተግበሪያው ካሜራው የቱ ምስል ላይ እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በችኮላ መካከል አንድ ምስል ሳይመዘገብ ከታለፈ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ቤት ይዛነፋሉ፤ የቄሱ ስም ለዲያቆኑ፣ የጽጽቃ ገበያ ለሰቆጣ ገበያ ይሰጣል። በፊልሙ ጠርዝ ላይ በፋብሪካ የታተመው ቁጥርም ሁልጊዜ ከካሜራው ቆጣሪ ጋር አይገጥምም፤ ፊልሙ ሲጫን ምን ያህል እንደተጎተተ ይወሰናል። መድኃኒቱ ከማይክሮፊልም ሥራ የተወረሰ ነው። የየጥቅሉ የመጀመሪያ ምስል የጥቅሉ መለያ፣ ቀንና ቦታ በጉልህ የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። በመካከልም ቦታ በተቀየረ ቁጥር እንዲህ ያለ ወረቀት አንድ ጊዜ ይነሣ። ከ36 ምስል ሁለት ወይም ሦስት ማባከን ያማል፤ ግን ነጋቲቩ ራሱ ማን እንደሆነ ይናገራል። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ወይም መተግበሪያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መከፈቱን ቢያቆም እንኳ ፊልሙ ከነመታወቂያው ይቀራል።

ሁለተኛው ጉድለት የዘመን ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። መተግበሪያዎቹ ቀኑን የሚይዙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው ቆጠራ ነው። መረጃ ሰጪዎቻችን የሚነግሩን ግን በእኛ ነው። የገበሬው «ሦስት ሰዓት» በስልኩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተማሪው በማስታወሻው «3 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍና ስልኩ «9» ብሎ ቢመዘግብ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ሁለት የተለያዩ ምስሎች ይመስሉታል። የዓመቱ ልዩነትም ወጥ አይደለም፤ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። መስከረም 1 ራሱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ይውላል። ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ አድረው ማኅሌቱ ሲቆም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተነሣን ምስል ስልኩ የጥምቀት ቀን ብሎ ይመዘግበዋል። ካህናቱ «ለጥምቀት አጥቢያ» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሥርዓቱን ቅደም ተከተል ለሚያጠና ሰው ግን የሚጠቅመው የካህናቱ አነጋገር ነው። ስለዚህ ስልኩ የጻፈውን ሳንነካ፣ በማስታወሻው ቦታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሙሉውን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ጊዜውንም «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ከሚለው ቃል ጋር መድገም አለብን። «77» ብሎ ማሳጠር የተከለከለ ይሁን።

ሦስተኛው የቦታ ስም ነው። የጂፒኤስ ቁጥር ትክክል ነው፤ ግን ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። መተግበሪያው ቁጥሩን ወደ ስም የሚለውጠው ካርታ ሲያገኝ ነው፤ ካርታው ደግሞ የገጠር ቀበሌዎቻችንን ስም አንዳንዴ ይስታል፣ አንዳንዴም ጨርሶ የለውም። በዋግ በኩል ጉዳዩ የሚወሳሰበው አንድ ስፍራ በአማርኛም በኽምጣናም ስለሚጠራ ነው፤ በኽምጣና ውስጥ ደግሞ አማርኛ የሌሉት ድምፆች አሉ። ነዋሪው የሚጠራበትን ስም በድምፅ መቅዳትና ከዚያ መጻፍ ይገባል። የወረዳውና የዞኑ ስም ሳይጨመርበት «ዝቋላ» ብቻ ብሎ መተው ምን እንደሚያስከትል ከላይ አይተናል።

ስም ሲጠፋ ምን ዓይነት ጠብ እንደሚፈጠር ለማየት ነሐሴ 16ን ማስታወስ ይበቃል። በዕለቱ በሰቆጣና በዋግ ልጃገረዶች ሻደይን ይጫወታሉ፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በወገብ የሚታሰረው ለምለም ቅጠል፣ ከበሮው፣ ሹሩባው፣ የአለባበሱ ነገር በሩቁ ለሚያይ ሰው ይቀራረባል። ቦታው ያልተመዘገበ የልጃገረዶች ፎቶግራፍ እንግዲህ የማን ነው? መጀመሪያ ያሳተመው ሰው የሰጠውን ስም ይዞ ይቀራል። ከዚያም ሌላው ወገን ተሰረቅሁ ይላል፤ ክርክሩ ስለ ምስሉ መሆኑ ቀርቶ ስለ ማንነት ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ ሙግት ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺው ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ አገልግሎት ገለልተኛ የሆነ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ የት፣ መቼ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ምን ብለው እንደጠሩት።

አራተኛው ጉድለት የሰው ስም ነው። ያየኋቸው መተግበሪያዎች ለሌንስ የተለየ ቦታ አላቸው፤ ለካሜራ አላቸው፤ ለብርሃን ማጣሪያ ሳይቀር አላቸው። በምስሉ ውስጥ ላለው ሰው ግን የላቸውም፤ እርሱ የሚገባው «ማስታወሻ» በሚለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው። ይህ የንድፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ ያቀረበው የቆረም ዘገባ በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አናወጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በቆረም ስንት ጥቅል ፊልም እንደተነሣ መገመት አያዳግትም። ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ በእግራቸው የመጡ ሰዎች በእነዚያ ፊልሞች ላይ አሉ። የአንሺዎቹ ስም ከሞላ ጎደል ይታወቃል፤ የተነሡት አብዛኞቹ ግን በመጽሐፍና በመጽሔት ውስጥ «ቆረም፣ 1984» ከሚል ጽሑፍ በታች ስም አልባ ሆነው ይኖራሉ። ልጆቻቸው ዛሬ በዝቋላና በሰቆጣ ጎልማሶች ናቸው፤ የእናታቸውን ምስል በየት ይፈልጉ? በምን ስም ይጠይቁ? በዝቋላ አንዲት እናት ፎቶ ካነሣኋቸው በኋላ ስልኬን እየነካካሁ ሲያዩ «ልጄ፣ ስሜን ጻፍኸው?» ብለው ጠየቁኝ። መጻፌን ነገርኋቸው፤ በእርግጥም ጽፌው ነበር። «እንዴት ብለህ?» አሉ ደግሞ፤ የአባታቸውን ስም እስኪሰሙ ድረስ አልተዉኝም። ስማቸውን እዚህ የማላወጣበት ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ስምን መመዝገብና ስምን ማተም ሁለት ነገር ነው። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ፣ ከዝቋላና ከአበርገሌ ተፈናቅለው በሰቆጣ ዙሪያ የተጠለሉ ሰዎች በነበሩበት ሁኔታ፣ ማን የት እንደነበረ ከነሰዓቱና ከነቦታው ቁጥር የያዘ ስልክ አደገኛ ሰነድ ነው። በማናቸውም ፍተሻ ሊከፈት ይችላል፤ ሊጠፋ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ነገሩን ከጨዋነት ወደ ግዴታ አሸጋግሮታል። በእኔ አስተያየት በመተግበሪያው ውስጥ የሚገባው የሰው መለያ ኮድ ብቻ መሆን አለበት፤ ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝርና የፈቃዱ ዓይነት በሌላ ቦታ፣ በወረቀት ይቀመጥ። የቅርስ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ጥንታዊ መስቀል ወይም ብራና የሚገኝበትን ዕቃ ቤት እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ የሚጠቁም ቁጥር በፋይሉ ውስጥ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ የሚለቅ ተማሪ ለሌባ አድራሻ እየሰጠ ነው። ኤግዚፍ ለሚያይ ሁሉ የሚታይ መሆኑ ይዘነጋል። መዝገቡ የተሟላ ይሁን፤ ለአደባባይ የሚወጣው ቅጂ ግን ከቦታ ቁጥሩ የጸዳ ይሁን።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከባልንጀሮቼ የምሰማው ተቃውሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደብተር ይበቃል የሚል ነው። ደብተርን አልንቅም፤ ባትሪው አያልቅም፣ አማርኛም ኽምጣናም ይጻፍበታል። የሚጎድለው የቦታ ቁጥሩና ሰዓቱን ያለ ስሕተት መያዙ ነው፤ ከዚያም በላይ ከደብተር ወደ ፋይል ሲገለበጥ የሚፈጠረው መዛባት አለ። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፦ ስልክ መነካካት ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት ይበጥሳል፤ ሰው እያዋራህ ስክሪን ማየት ነውር ነው ይላሉ። እውነት አለው። በሽማግሌ ፊት አንገትን ደፍቶ ስልክ መጎርጎር በዋግም ሆነ በየትኛውም የአገራችን ክፍል አያስከብርም። መፍትሔው ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የማንሣቱ ሰዓትና ቦታ በአንድ ንክኪ ይያዛል፤ ስሙ፣ ቀኑና የቦታው አጠራር ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ከተነሣው ሰው ጋር አብሮ ተቀምጦ ይሞላል። እንዲያውም አብሮ መሙላቱ ራሱ ወግ ይከፍታል፤ ሰው የራሱን ስም አጻጻፍ ሲያርም ብዙ ነገር ይናገራል። ሦስተኛ ተቃውሞ ቢኖር «ሁሉን በስልኩ ካሜራ ለምን አታነሣውም» የሚለው ነው። ማንሣት ይቻላል፤ ያም ሆኖ የስልኩ ካሜራ ራሱ የሚሞላው ሰዓትና ቦታ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑን፣ በነዋሪው አጠራር ስፍራውንና የሰውዬውን ስም አይሞላልንም። ስለዚህ የዲጂታል ተማሪውም ከዚህ ክርክር ነፃ አይደለም።

ለትምህርት ክፍሎች የማቀርበው ጥያቄ ወጪ የሚያስከትል አይደለም። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የፊልም ፎቶግራፍ የሚያቀርብ ተማሪ የአነሣሥ መዝገቡን አባሪ አድርጎ እንዲያስገባ ይጠየቅ፤ ፈታኞችም ቃለ መጠይቁን እንደሚመረምሩ ሁሉ መዝገቡን ይመርምሩ። አባሪው በመተግበሪያው የራሱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ማናቸውም ኮምፒውተር በሚከፍተው ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ይሁን፤ መተግበሪያ ይመጣል፣ መተግበሪያ ይሄዳል። የእኛን ቀን፣ የቀበሌና የወረዳ ስም፣ የሰው ኮድና የፈቃድ ዓይነት የሚይዙ ሳጥኖች ያሉት መተግበሪያ መሥራት ደግሞ ለሶፍትዌር ተማሪዎች ተገቢ የመመረቂያ ርእስ ነው፤ ምንጭ ኮዳቸው ክፍት የሆኑ አሉና ከዜሮ መጀመር አይጠበቅባቸውም። እስከዚያው ድረስ የየጥቅሉ መዝገብ በቀላል ወረቀት ላይ ይታተምና በእርሳስ ተፈርሞበት ከነጋቲቩ ጋር በአንድ ፖስታ ይግባ። ወረቀቱ አሲድ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ግን ነጋቲቩን እንዳይነካ በተለየ ክፍል ይቀመጥ። በፖስታው ጀርባም ሙሉው ይጻፍ፦ ዝቋላ ወረዳ፣ ዋግ ኽምራ፣ ቀኑና ወሩ ከነዓመተ ምሕረቱ።